የወንድም ሱፍ ኮሌታ

ይህ ታሪክ ከእውነት አንዲት ክር ቢጎድለው ምላሴ ይበጠስ! በሰባት ከተማ አቻ የሌለው ልብስ ሰፊ ነበር፤ በአንድ ሜትር ጨርቅ ለዝሆን ኮት የሚያወጣ። ታላቅ ወንድሙ የአባታቸውን ቤት ጠቅልሎ ሲወስድበት እንኳ ትንፍሽ አላለም። ሰፈርተኛው "ሆደ ሰፊው ሰፊ" ይለዋል። እሱ ግን ቁጣውን በሆዱ ወደ ግጥም እየቀየረ ካውያ ሥር ይተኩሰው ነበር። ያው ወንድሙ ያሰፋውን አዲስ ሱፍ ኮሌታ ሲተኩስም፣ ለማንም ሳያሰማ በልቡ እንዲህ አለ፦

ቤት ለነጠቀኝ ሰው ሱፉን ልተኩሰው፣
እኔስ ዝም ልበል፣ ልብሱ ራሱ ይውቀሰው።

ወንድሙ መጥቶ ሱፉን ለበሰና መስታወቱ ፊት ቆመ። ድንገት ያንኑ ግጥም አንድ ቃል ሳያዛንፍ አነበነበው፤ ያውም በራሱ በልብስ ሰፊው ድምፅ።

"አንገቴን አቃጠለኝ! ወንድሜ፣ በድዬሃለሁ፣ ማረኝ!" እያለም አለቀሰ። እንባው የመንደሩን ልብስ ሁሉ ያጥብ ነበር።

ሰፊው ይህችን ቃል ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቅ ኖሯል። "ነይማ፣ አንቺ! ጋሼ ይቅርታ ጠየቀኝ! ምስክሬ ሁኚ!" ብሎ ሚስቱን ተጣራ።

ቁልፍ ስትተክል የነበረችው ሚስቱ መርፌዋን እንደያዘች ከጓዳ ወጣች። መስታወቱን አየች፤ ባሏን አየች።

"ጋሼ እኮ ሱፉን ትናንት ወስዷል" አለችው ቀስ ብላ። "እሱም ምንም አላለም፣ አንተም እንደ ልማድህ 'ይመችህ' ብለህ ሸኘኸው። ዛሬ ማንም አልመጣም።"

ከዚያ የባሏን ሸሚዝ ኮሌታ ገለጥ አድርጋ የቀላው አንገቱ ላይ ጣቷን በስሱ አሳረፈች።

"አንገትህን ግን ምን አቃጠለው?"