የቀኙ ስፖኪዮ

ሹፌሩ አሁንም የቀኙን ስፖኪዮ ያያል። መስታወቱ ውስጥ ባዶው መንገድ አለ፤ መቶ እርምጃ ያህል ርቃ ደግሞ ሚስቱ ብስክሌቷን እያንገዳገደች ትመጣለች። ዓይኑን ወደ ፊት ይመልስና፣ አፍታም ሳይቆይ እንደገና ያያል።

እዚህ መንገድ ላይ ስፖኪዮ ምን ያደርጋል? ድሮ የባቡር ሐዲድ ነበር፤ ሐዲዱ ሲነቀል ለብስክሌት ተተወ። ዳገት የለው፣ ቁልቁለት የለው፣ ረግረጉን ለሁለት ከፍሎ ዓይን እስከሚደርስበት ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ግራና ቀኙ ውሃ ያቆረ ጥቁር አፈርና ቡናማ ሣር ነው። መኪና እንዳይገባ መግቢያው ላይ ሦስት የብረት ምሰሶዎች ተተክለዋል። ከነፋሱ ድምፅ በቀር የሚሰማ ነገር የለም።

ስፖኪዮው የከባድ መኪና ነው፤ ትልቅ ሳህን ያክላል። የብስክሌቱ መሪ ላይ በሁለት ብሎን ሲያስረው ሚስቱ በር ላይ ቆማ አየችው። «ምነው፣ እየነዳህ ጢምህን ልትላጭ ነው?» አለችው። ድሮ ቢሆን አብሯት ይስቅ ነበር። ያን ቀን ግን ብሎኑን አጠበቀ።

አራት ወር ሆነው። መስቀለኛ መንገድ ላይ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ፣ ብስክሌት የምትነዳ አንዲት አስተማሪ ከመኪናው ጎን ነበረች፤ እዚያው ሞተች። ትራፊኩ «ስፖኪዮ አይተሃል?» ብሎ ጠየቀው፤ «አይቻለሁ» አለ። አስፋልቱን ለኩ፣ ፎቶ አነሱ፣ እንግዲያው መስታወቱ በማያሳየው ቦታ ላይ ነበረች ብለው ጻፉ። ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋት የለብህም ተባለ። ሚስቱ የውሳኔውን ወረቀት ደረቷ ላይ ለጥፋ አለቀሰች፤ እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አልተቆጣም፣ አልራበውም፣ አልበረደውም። ብላ ሲሉት ይበላል፣ ተኛ ሲሉት ይተኛል። አንድ ቀን ድንገት ብስክሌት ገዝቶ መጣ፤ ለምን እንደሆነ ራሱም አያውቅም። ሚስቱ አልጠየቀችውም። በሃምሳ ሁለት ዓመቷ፣ የሰፈር ልጆች እየሳቁባት፣ ጉልበቷ እየተላጠ ብስክሌት ተማረች። «ብቻህንማ አትሄዳትም» አለችው፤ በቃ፣ ይኸው ሁልጊዜ ከኋላው አለች።

ዛሬ ጠዋት አለቃው ደወለ። ሰኞ መኪናህ ይጠብቅሃል አለው። «እሺ» አለ። ሚስቱ ደስታዋን መደበቅ አቅቷት ወደ ጓዳ ገባች፤ ተመልሳም የሱፍ ጓንቱን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተተችለት። «እጅህ እኮ ቲማቲም መስሏል! አይበርድህም እንዴ?» አለችው። አይበርደኝም አላት፤ እውነቱን ነበር።

ስፖኪዮውን ያያል። ሚስቱ አለች። ያያል፤ አለች። ያያል።

የለችም።

ምንም አይሰማውም። እግሩ ፔዳሉን መርገጡን ይቀጥላል፤ አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር። ከዚያ እጁ ፍሬኑን ሲይዝ ያየዋል፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል። ብስክሌቱን አዙሮ መብረር ይጀምራል።

ሚስቱ ከመንገዱ ዳር ጭቃው ላይ ተዘርፍጣለች፤ ብስክሌቷ እላይዋ ላይ ተጋድሟል። አንድ ጫማዋ ወልቋል።

«ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ! ጠጠር እንኳ በሌለበት መንገድ ልውደቅ? ይሄን ለሰፈሩ ልጆች ብትነግር ወዮልህ!»

ብስክሌቱን ያነሳላታል። ውሃው ውስጥ ተንበርክኮ ቁርጭምጭሚቷን ይዳስሳል፣ ጫማዋን ከጭቃው መዝዞ ያወጣል። እሷ ትከሻውን ትደገፋለች።

«ቆይ ግን፣ አልጮህኩም እኮ። እንዴት አወቅህ?»

«አየሁሽ።»

«በዚህ ሳህን?»

«በሱ።»

«አይ የኔ ነገር! እኔ ደግሞ ስስቅበት…»

«የዛን ቀን አላየሁም።»

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የሰማው። ጫማውን ገልብጦ ውሃውን ያፈሳል።

«ምን አልክ?»

«ስፖኪዮውን። አይቻለሁ አልኳቸው እንጂ አላየሁም። አይቼ ቢሆን ትታየኝ ነበር።»

ሚስቱ አታባብለውም። ምን ብላ? ወረቀቱ አለ፣ ሰኞ አለ፣ የዚያች አስተማሪ እናትም ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር። ሁለቱም አይተዋታል። የሚስቱ እጅ ትከሻው ላይ እንዳለ ነው፤ አላነሳችውም፣ ግን ከበደ።

«ጫማዬን ስጠኝ» ትላለች በመጨረሻ።

ራሷ ታደርገዋለች፣ ራሷ ክሩን ታስራለች፤ ብዙ ጊዜ ይወስድባታል።

«ለማን ነው የሚነገረው? ለትራፊኩ ነው?»

«ለሱ።»

«ዛሬ ቢሮው ክፍት ነው?»

«እስከ አስራ አንድ ሰዓት።»

ብስክሌቷን በመጡበት አቅጣጫ ታዞራለች። ሁለት ጊዜ ሞክራ ትወጣበታለች፤ በዚህ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እየተጣመመች ፊት ፊቱን ትሄዳለች። እሱ ከኋላዋ ይከተላል። ስፖኪዮው ውስጥ ከመንገዱ በቀር ምንም የለም፤ ቢሆንም ያያል።

ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል። ነፋሱ ይመታዋል፤ መጀመሪያ ጉልበቱን፣ ቀጥሎ ጣቶቹን፣ ከዚያ ሁለመናውን።

«በረደኝ» ይላል፣ ድምፁ እየተቆራረጠ።

ሚስቱ ፊቷን አላዞረችም።

«ጓንቱ ኪስህ ውስጥ ነው።»