ያላኮረፈው ቁራ

ዳግዱ ፀጉሩን ተላጭቶ ከጥንታዊው የሂንዱ አምላክ የሺቫ ቤተ መቅደስ ደረጃ ወረደና፣ ለሟች የሚቀርበውን ድብልብል ሩዝ በቅጠል አድርጎ ሐይቁ ዳር አስቀመጠ። ሚስቱ ራክማ ከሞተች አሥረኛ ቀኗ ነበር። በአገሩ እምነት የሞተ ሰው በቁራ ተመስሎ ይመጣል፤ የቀረው ምኞት ካለ ግን ዘመድ ቃል እስኪገባለት ድረስ ሩዙን አይነካም።

«አማቼ፣ አረፍ በል፤ ገና ብዙ እንጠብቃለን» አለ የሟቿ ወንድም ኮንዲባ። «የአጎታችን ቁራ እኮ እስኪመሽ ነው ያኮረፈው። ልጆቹ መሬቱን አንሸጥም ቢሉት፣ የምትታለበዋን ጎሽ እንንከባከባለን ቢሉት፣ ዞርም አላለ። አንድ ጠርሙስ አረቄ ስንለው ሩዙን ከነቅጠሉ ዋጠው። ጠርሙሱን ሊቀበል ቤት ድረስ ተከትሎናል።»

«የእህትህ ይብሳል» አለ ዳግዱ። ራክማ ካኮረፈች እሱ ካልለመናት እህል አትቀምስም ነበር። ኪሱ ውስጥ አረንጓዴ የብርጭቆ አምባሮች ይዟል፤ በየዓመቱ ገበያ ላይ ስትጠቁመው «ለከርሞ» እያለ ያለፋቸው ናቸው። ልመናውንም መንገዱን ሙሉ ሲለማመደው ነው የመጣው። ጉሮሮውን ጠረገና አምባሮቹን አወጣ።

ገና አፉን ሳይከፍት አንድ ቁራ ከጉልላቱ ወርዶ ሩዙን አነሳና ሐይቁን ተሻግሮ ሄደ።

ዘመድ ሁሉ እፎይ አለ። ኮንዲባም የዳግዱን ትከሻ መታ መታ አድርጎ፣ «እድለኛ ነህ። ካንተ የምትፈልገው ምንም አልቀራትም» አለው።

ዳግዱ አምባሮቹን እንደያዘ ባዶውን ቅጠል ሲያይ ቆየ።

«ምናለ ትንሽ እንኳ ብታስለምነኝ ኖሮ» አለ።