የወሰኑ ድንጋይ

በዚያ መኸር በደባርቅ ዙሪያ በረዶ ወረደ። ገብሱ ሁሉ ከአፈር ተቀላቀለ፤ ለዘር እንኳ የተረፈው ሰው አልነበረም። በረዶው ግን ከገበሬው ከክንዱ ወሰን ሲደርስ ቆመ። አገሩም፣ «እናኑ ወሰኔን ገፋብኝ ብላ ስትከሰው በጊዮርጊስ ደጅ የማለው እውነቱን ነበር፤ ይኸው እግዜር ፈረደለት» አለ።

ክንዱ ግን በሐሰት እንደማለ ያውቃል። ከዚያ ወዲህ ደመና ባየ ቁጥር ቅጣቱን ሲጠብቅ ኖሯል፤ አሁን የተረፈለት ገብስ ከቅጣቱ ይልቅ አስፈራው። ማጭዱን ይዞ ማሳው ዳር እንደ ቆመ፣ ባሏ ጣሊያንን ሲዋጋ ዱር የቀረባት እናኑ በአንገቷ ድንጋይ ተሸክማ መጣችና ከእግሩ ሥር ተንበረከከች። ጎረቤታቸው ነጋ ለምስክር ተከትሏታል።

«አያ፣ በረዶው ፈረደብኝ፤ በሐሰት ከስሼዎታለሁ። ይማሩኝ።»

ክንዱ ዓይኑን ወደ ገብሱ መለሰ።

«ምነው ዝም አልክ?» አለ ነጋ። «ገብስ ተረፈልኝ ብለህ ኮራህ እንዴ?»

«እግዜር ይማርሽ» ቢላት ነገሩ ለዘላለም ያበቃ ነበር። ድንጋዩ የአንገቷን ቆዳ ልጦታል። ጎንበስ ብሎ አነሣላት። ከዚያ ወደ ወሰኑ ሄደ፤ ራሱ የተከለውን ድንጋይ ፈንቅሎ በገዛ አንገቱ ላይ ጫነው። የቆመውን ገብስ አቋርጦ የቀድሞው ወሰን ከነበረበት የኮሶ ዛፍ ሥር ሲደርስ ተንበረከከ።

«ማጭድሽን አምጪ» አላት፣ ድንጋዩን ሳያወርድ። «እስከዚህ ድረስ ያለው ገብስ ያንቺ ነው።»