ትንፍሽ የማይል ማርሚታ

በያጁ አንዱን የጭስ ማውጫ ማርሚታ ከመደርደሪያው አወረደና፣ «አባባ፣ ይኼን ካሰርኩልዎት ፒካፕዎ እንደ አንበሳ ያገሳል፤ መምጣትዎን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል!» ብሎ ሳቀ። አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ትንፍሽ የማይለውን ስጠኝ፣ ልጄ።»

በያጁ መኪናው ስር ገብቶ የዛገውን ቆርጦ ጣለ፤ አዲሱን በየደ። ሞተሩ ሲነሳ አዛውንቱ መዳፋቸውን ከጭስ ማውጫው ኋላ ዘረጉ፤ ሙቀቱ ባይሰማቸው ኖሮ መነሳቱንም ባላወቁ ነበር። ደስ አላቸው፤ ጥርሳቸውን ግን እንደነከሱ ነበሩ።

«እንዲህ ጸጥ ያለ ለምን ፈለጉ?»

«ልጄን የሚደበድባት ባሏ የዚህችን መኪና ጩኸት ከሩቅ ይለያል። እኔ ሳልደርስ በጓሮ በር ውልቅ! እሷም ያበጠ ፊቷን በሻሽ ሸፍና ‹ወድቄ ነው፣ አባዬ› ትለኛለች።»

በያጁ እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ሱቁን ቆለፈና መሪ ከጨበጡት አዛውንት ጎን ፒካፑ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። «እንግዲያው አባባ፣ እኔን ጓሮው በር ላይ ያውርዱኝ።»