ተመስገን ያለ ሁሉ ድኗል

ከሦስት ሆስፒታሎች ተሰባስበን፣ ቁርጭምጭሚታቸው ተሰብሮ የታከሙ ሰዎች ከዓመት በኋላ እንዴት እንደሆኑ በስልክ እየጠየቅን እናጠና ነበር። ውጤቱ ድንቅ ነው፤ ሁሉም ማለት ይቻላል ድነዋል። ጽሑፉን ለኅትመት ልልክ ስል ከሐዋሳ የመጣችው ባልደረባችን ዶክተር ትርሲት አይላክም አለች።

«ደውለን ‹እንዴት ነዎት?› እንላለን። ሰዉ ‹ተመስገን፣ ደህና ነኝ› ይላል። አንተ ‹ድኗል› ብለህ ትመዘግባለህ። ይኼ እኮ ሰላምታ ነው እንጂ መልስ አይደለም።»

እኔ ደግሞ ስቆጣ ነገር ያምርልኛል ብዬ የማምን ሰው ነኝ። «ሕዝቡን ውሸታም እያልሽ ነው» ብዬ ጀመርኩና ወገናቸውን ስለሚንቁ ምሁራን ጠረጴዛ እየደበደብኩ ደሰኮርኩ። ከዚያ በሩን ደርግሜው ስወጣ ደረጃው ላይ ተንሸራተትኩና ቁርጭምጭሚቴ ተሰበረ።

በዓመቱ ትርሲት ከሐዋሳ ደወለች። በእሷ እምቢታ ጽሑፉ እስከዚያ ቀን አልተላከም ነበር።

«አንተም ታካሚ ሆነህ ጥናቱ ውስጥ ገብተሃል» አለችኝ። «በአንተ ቃል እንጨርሰው። ድኛለሁ ካልክ ጽሑፉ ይላካል፤ አልዳንኩም ካልክ ሁሉንም እንደገና እንጠይቃለን። እንዴት ነህ?»

«ተመስገን፣ ምን እሆናለሁ? ድኛለሁ።»

«ደረጃ ትወጣለህ?»

«አሁን ራሱ እየወጣሁ ነው የማናግርሽ።»

«ታዲያ ማን ነው እንዲህ የሚያለከልከው?»

ስልኩን በመዳፌ ሸፈንኩና ያዘለኝን ዘበኛ «ቀስ ብለህ ተንፍስ» አልኩት።