ወተት አይደፋም

ነርሷ ጥሩሐረግ የተበላሸውን አንሶላ ጠቅልላ ስትነሳ እግሯ ከአልጋው ሥር አንድ ነገር መታ። ጎንበስ ብላ አወጣችው። አፉ በነጠላ ቅዳጅ የታሰረ ትንሽ ቅል ነው። ፈታ አሸተተችው፤ ኮምጥጧል።

«ይታየሽ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

እናቲቱ ልጇን ጭኗ ላይ እንዳስተኛች ቀና አለች። «ወተቷ ነው፣ ሲስተር። የተረፋት።»

ኧረ ጉድ! ጥሩሐረግ የተቅማጡን መነሻ ፍለጋ ሦስት ቀን ሙሉ ያልፈተሸችው የለም። ሕፃኗ ሰገነት ከሰሃላ በእናቷ ጀርባ መጥታ ስትገባ አምስት ኪሎ ከስምንት መቶ ነበረች። በሆስፒታሉ ወተት ትንሽ ነፍስ ዘርታ ፈገግ ማለት ጀምራ ነበር፤ ከዚያ ተቅማጡ መጣ። ዛሬ ጠዋት ሚዛኑ አምስት ኪሎ ከአራት መቶ አለ። እንዲህ ከቀጠለች ሳምንቱን አትጨርስም። ጥሩሐረግ ውሃው ሲፈላ ቆማ አይታለች፤ ጆጉን እንደ አዲስ ቀቅላለች፤ ወተት የምትበጠብጠውን ሴትዮ ጥፍሯን ሳይቀር አይታ ከእሷ ጋር ተጣልታለች። ሴትዮዋ እስካሁን እንዳኮረፈች ነው። ለካ ነገሩ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ኖሯል።

«ይሄን ነው የምትሰጫት?»

«እናንተ በየሦስት ሰዓቱ ነው የምታመጡት። መሀል ላይ ስታለቅስብኝ አንድ ሁለት ጉንጭ አቀምሳታለሁ።»

«ድፊው ብዬሽ አልነበረም?»

ከጎን አልጋ ያለችው አስታማሚ ሳቅ ብላ፣ «ኧረ ሲስተር፣ ወተት ሲደፋ የት ታይቶ ያውቃል? ላሚቱ ብትሰማስ!» አለች።

ይታየሽ አልሳቀችም። «ድርቁ ሦስቱን ላሞቼን ወሰደ። አንድ ናት የቀረችኝ። ወተት መሬት ላይ ከደፉ ላም ትነጥፋለች። እሷ ከነጠፈች ልጄ ድናስ ምን ላጠጣት ነው? ደግሞ ቢኮመጥጥ ምናለበት፤ እርጎ አይደለም እንዴ?»

ጥሩሐረግ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ቁጣው ግን እምቢ አላት። እሷም የፃግብጂ ገጠር ልጅ ናት። እናቷ ወተት ጠብ ሲል በጣቷ ጠርጋ ትልስ ነበር፤ ያፈሰሰው ልጅ ደግሞ ኩርኩሙን ይቀምሳል። ኮሌጅ ገብታ ስለ ጀርም ስትማር ያ ሁሉ የቀረ መስሏት ነበር።

ከአልጋው ራስጌ የተንጠለጠለውን ቅጽ አነሳች። አሠራሩ ግልጽ ነው፤ ልጁ የተወውን ነርሷ ለክታ፣ መዝግባ፣ በእጇ ትደፋለች። በየመስመሩ የራሷ ጽሑፍ አለ። «ሃያ ሚሊ ተረፈ፤ ተደፋ።» «ሠላሳ ሚሊ ተረፈ፤ ተደፋ።» ከጎኑ ፊርማዋ። አንዱንም አልደፋችም። ኩባያውን ለእናቲቱ እያቀበለች «ድፊው» ትልና ወደሚቀጥለው አልጋ ታልፋለች። ሥራ ስለሚበዛባት ነው የምታደርገው ትል ነበር። አሁን ግን ቅሉን እንደያዘች ምክንያቱ ሥራ እንዳልነበረ ገባትና አፈረች።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ስሚኝ፣ ይታየሽ። የላም ወተት እርጎ ይሆናል። ይሄ የተበጠበጠ ዱቄት ነው፤ ሁለት ሰዓት ካለፈው ይበላሻል። የሷ ሆድ ደግሞ እንኳን ይሄን፣ ደህናውንም በግድ ነው የሚችለው። ያሳመማት እሱ ነው።»

ይታየሽ ቅሉን አየች፤ ልጇን አየች። «እኔ ነኝ በገዛ እጄ ያሳመምኳት?»

«ሁለታችንም ነን። መድፋቱ የኔ ሥራ ነበር። ከእንግዲህ ስታለቅስ ጥሪኝ፤ አዲስ በጥብጬ እመጣለሁ።»

ይታየሽ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «እሺ፣ ይድፉት። ግን ላሜን ይቅርታ ይበሏት። ቦራ ነው ስሟ።»

የጎን አልጋዋ እንደገና ሳቀች። ጥሩሐረግ ቅሉን ወስዳ መታጠቢያው ላይ ገለበጠችው፤ ቸኩላ ነበርና ምንም ሳትል ተመለሰች።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ትኩሱ ወተት መጣ። ሰገነት በትንሹ፣ እያረፈች ጠጣች፤ መጨረሻ ላይ ፊቷን አዞረች። ይታየሽ ኩባያውን አየት አድርጋ ክንዷን ዘርግታ አቀበለች።

ጥሩሐረግ ለካች፤ አሥር ሚሊ። ወደ መታጠቢያው ሄደች። ወተቱ ነጭና ትኩስ ነው፣ ምንም አልሆነም። እጇ አልታዘዝ አላት።

ጀርባዋን ለክፍሉ ሰጥታ፣ ማንም እንዳይሰማት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ቦራ፣ ይቅር በይን» አለችና ደፋችው።