ተራዬ ሲደርስ

ክልላችን አዲስ በተመሠረተበት ዘመን የባህል አዳራሹ አሶሳ ላይ ሲመረቅ፣ የቅል መለከት ነፊዎች አለቃችን አልኑር፣ «ኢዘዲን፣ ዛሬ ጨዋታ የለም፤ ቤትህ አርፈህ ተቀመጥ» አለኝ። የአጎቴ ልጅ ነውና አመንኩት።

ከሰዓት በኋላ በአዳራሹ በር ሳልፍ ሲነፉ ሰማሁ። ገባሁ። መለከቴ ከኤግዚቢሽኑ ዕቃዎች ጋር ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

አልኑር ለእንግዶቹ ያስረዳል፦ «አንዱ መለከት አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው፤ ሁላችንም በየተራ ስንነፋ ዜማ ይሆናል። የዚህኛው ባለቤት ኢዘዲን ሞቶብናል። ተራው ሲደርስ ግን ይመጣል፤ ስሙት።»

ደሜ ፈላ። ነፉ፣ ነፉ፣ ተራዬ ላይ ደረሱ። «ውሸታም! ይኸው አለሁ!» ልል አፌን ከፈትኩ።

ከአፌ የወጣው የመለከቴ ድምፅ ነበር።

እንግዶቹ አጨበጨቡ። አልኑር ወደ እኔ ዞር እንኳን ሳይል፣ «አላልኳችሁም?» አለ።